ምርኩዝ የሚታደልበት ቀን

ከከሰላ እስከ መተማ ባለው አገር የእኔን ዓይን የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም። ሥራዬ ሰሊጥ መፈተሽ ነው። ጆንያውን በሹል የብረት ቱቦ እወጋውና ከሆዱ ጥቂት ፍሬ አውጥቼ መዳፌ ላይ እበትነዋለሁ። ከዚያ አሸዋው ከየትኛው ወንዝ እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጨመረው፣ ሲጨምርም ምሳ በልቶ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር እናገራለሁ። ገበያ ውስጥ ሳልፍ ጆንያዎች እንኳ ቀጥ ብለው ይቆማሉ ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ከበቡሽ ግን ለእኔ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም። ለጉዞ በተነሣሁበት ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ሆና ቁልቁል አየችኝና፣ «እንግዲህ ዓይናማው፣ በቀኝ እግርህ ያለው የወንድሜ ጫማ ነው» አለችኝ። እውነትም ግራው ቡናማ፣ ቀኙ ጥቁር ነበር። ሚኒባሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ሳልቀይር ወጣሁ።

የምሄደው ወደ ገዳሪፍ ነው፤ ለሰሊጥ ግን አይደለም። በከሰላ፣ በገላባትና በገዳሪፍ ያለን የኢትዮጵያ ነጋዴዎች አዋጥተን፣ ኮሚቴ መርጠን ያቆምነው አንድ የአረጋውያን ቤት አለ። ልጆቻቸው በሊቢያ በኩል ሄደው ድምፃቸው የጠፋባቸው፣ ከካምፕ ወጥተው የሚጦራቸው ያጡ አሥራ አንድ ሰዎች ይኖሩበታል። በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ሄዶ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይፈርማል። የገዳሪፍ ሰዎች ጎረቤት ስለሆኑ ያዳላሉ ተብሎ ከሩቅ የሚመጣ ገለልተኛ ሰው ሲፈለግ እኔ ተመረጥኩ። ከምሳው በቀር ለማንም እንደማላዳላ በሰፊው ይታወቃል።

የጉብኝቱ ቀን ሐሙስ ነበር። እኔ ግን ማክሰኞ የተነሣሁት ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ይማም የሚባል ዓሣ ጠባሽ ወዳጅ ስላለኝ ነው። እሱ ዘንድ አድሬ፣ ከግድቡ የወጣ የእኔን ቁመት የሚያህል ዓሣ በልቼ ረቡዕ ማታ ገዳሪፍ ልገባ ነው ዕቅዱ።

ማክሰኞ፣ እስከ ቂርባ

ሚኒባሱ ለአሥራ አራት ሰው የተሠራ ነው፤ እኛ ሃያ ነበርን። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ጭኗ ላይ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አቅፋለች። ከቤቷ ያወጣችው ዕቃ እሱ ብቻ ነው አለችኝ። «መብራት ባለበት ቦታ እስክደርስ ልጄ ነው» ብላ ክንፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የከሰላ ድንጋይ ተራሮች ከኋላችን እንደተገለበጡ ድስቶች እያነሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ሲያልቅ ሌላ ሜዳ ይጀምራል።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር ወረቀቴን ገለበጠ፣ ፊቴን አየ፣ እግሬን አየ። ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ እግሬን አሳየው። ሁለቱም ስቀው አሳለፉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኬላ የሚፈራ ሰው ካገኘሁ የምመክረው አንድ ነገር አለኝ።

ቂርባ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የአትባራ ውኃ ከግድቡ ኋላ ተኝቷል። የይማም በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ «ይማም ሠርግ ሄዷል፣ ሾዋክ» አለችኝ።

«ዓሣስ?»

«ዓሣው አለ። ውኃው ውስጥ።»

አንድ ሻይ በሺህ የሱዳን ጊኔ ጠጥቼ ተነሣሁ። የከሰላ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ አግኝቼ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ አደም የሚባል ነጭ ጢም ያለው ሱዳናዊ ነው። ወዴት እንደምሄድ ነገርኩት። ስለ አረጋውያን ቤት ሰምቶ አያውቅም፤ የራሱ አባት አሁንም እቤቱ ሆኖ በዱላ ያስፈራራዋል።

«ቀን ቆርጣችሁ ነው የምትጠይቋቸው?» አለኝ በዐረብኛ።

«አዎ፣ በዓመት ሁለቴ።»

«እንደ ጥርስ ሐኪም» አለና ማርሽ ቀየረ።

ከሾዋክ ወዲህ መሬቱን ውኃ በልቶት ጥርስ የወለቀበት ድድ መስሏል። ከዚያ ጥቁሩ አፈር መጣ፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የገዳሪፍ የእህል ጎተራዎች ታዩ። ከአንድ ቀን አስቀድሜ፣ ዓሣ ሳልበላ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ያደርኩበት እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሰው እንደ ሰሊጥ ተጠቅጥቋል። ቁርስ ፉል በላሁ። ቀኑን ሙሉ ምን እሠራለሁ ብዬ ሳስብ፣ ለምን አሁን ሄጄ እትዬ ዘውዴን አልጠይቅም አልኩ።

እትዬ ዘውዴ ከአሥራ አንዱ አንዷ ናቸው። መተማ ላይ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ይሸጡ ነበር። እኔ በሃያ ዓመቴ ፋሽጋ ሰሊጥ ላጭድ ወርጄ ወባ ሲጥለኝ፣ ማንነቴን ሳይጠይቁ ጓሮአቸው አስተኝተው የአጃ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ባይኖሩ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር፤ ምናልባትም ጫማው የሚገጥም።

የለመድኩት ጉብኝት እንዲህ ነው። አስተዳዳሪው ደመላሽ በር ላይ ይቀበለኛል። ግቢው ተጠርጓል። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በተርታ ተቀምጠዋል። እንዴት ናችሁ እላለሁ፤ ይመልሳሉ። ወረቀቱ ላይ «ቅሬታ» የሚል ቦታ አለ፤ «የለም» እላለሁ። ከዚያ ፍየል ይመጣል። የደመላሽ ፍየል አጥንት እንኳ እጅ ያስቆረጥማል።

ረቡዕ ግን የቆርቆሮው በር በውጭ በኩል ተቆልፏል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ከሑመራ በኩል ተሰደው የመጡት አቦይ ሐጎስ ናቸው።

«ጥጋቡ ነኝ፣ ከከሰላ።»

«ግባ እንግዲህ።»

«ቁልፍ የለኝም አቦይ።»

«እኛም የለንም፣ ወደይ» አሉ፣ በትግርኛ ልጄ ሲሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ ምግብ አብሳይዋ ሐዋ የፉል ድስትና ዳቦ ይዛ መጣች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ስታየኝ ድስቱን መሬት አስቀመጠችው።

«አያ ጥጋቡ፣ የእናንተ ቀን ቡክራ አይደል እንዴ? ነገ ነው የተባለው።»

«ዓሣ አጥቼ ነው» አልኳት።

ቁልፏን በጣቷ አሽከረከረች። «ወላሂ እኔ አልጠራኋችሁም። ደመላሽ ቢጠይቃችሁ እንደዚያ በሉ» ብላ ከፈተችው።

ግቢው ውስጥ አንዲት የኒም ዛፍ አለች። ጠዋት ጥላዋ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ይወድቃል፤ ከአሥራ አንዱ አሥሩን እዚያ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታለች፤ ጥላው ወደ ግንዱ እየተሰበሰበ ነው። ሦስቱ ጫፍ ላይ ያሉት እግራቸው ፀሐይ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ፊታቸውን በክንዳቸው ጋርደዋል። አቦይ ሐጎስ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ አንድ ክንድ ያህል ጥላውን ተከትለዋል። ጀለቢያቸው ከኋላ ተተልትሏል። ማንም ምርኩዝ አልያዘም። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አለፍኩት።

«እንደምን አደራችሁ?» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኪሴ፣ ወደ እስክሪብቶዬ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ይኼኔ ጽፌ ጨርሻለሁ። የእኛን ሰው ከጉድጓድ እየጎተታችሁ ስታወጡት እንዴት ነህ ብትሉት መጀመሪያ ተመስገን ይላል፤ እግሬ ተሰብሯል የሚለው ከሁለተኛው ሰላምታ በኋላ ነው። ውሸት አይደለም። መልሱን የሚሰጠው ለእግዜር ነው። እኔ ግን ያንን መልስ ወስጄ ለኮሚቴ ስጽፈው ኖሬያለሁ። ሰሊጥ ሲሆን ከጆንያው አፍ ዘግኖ የሚገዛን ሰው ሞኝ እላለሁ።

አቦይ ሐጎስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ትናንት ማታ ምን በላችሁ?»

አሰቡ። «ቀን የማሽላ ኪስራ ነበር። ማታ እንተኛለን።»

«ምርኩዝዎስ የት አለ?»

«መጋዘን።»

«መቼ ነው የሚሰጥዎት?»

«እናንተ ስትመጡ» አሉኝ። ክፉ ቃል አልነበረውም፤ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይመጣል ብዬ እንደጠየቅኋቸው ነው የመለሱት።

እትዬ ዘውዴ ውጭ ካሉት መሀል የሉም። ሐዋ በአገጯ ወደ መጨረሻው ክፍል አመለከተችኝ። በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፍራሽ የለውም። ፍራሾቹ ጥግ ላይ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል። ሲያዩኝ ቶሎ ብለው ቀሚሳቸውን ወደ ግራ እግራቸው ሳቡት።

«ጥጌ፣ ምነው ሳትነግረን? ፊቴን እንኳ አልታጠብኩ።»

ቀሚሱን ገለጥ አደረግሁት። ቁርጭምጭሚታቸው በነጠላ ቅዳጅ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል። ቆዳው ዙሪያውን ቀልቷል፤ አንድ ቦታ ቆስሏል። በርከክ ብዬ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርኩ።

እጄን ያዙኝ። «ተወው። ፈትተኸኝ ስትሄድ፣ እሱ መጥቶ ሁለቱንም ያስረዋል። ጨርሰህ የምታስፈታኝ ከሆነ አስፈታኝ። ካልቻልክ አትንካው።»

እጄን አነሣሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አዝዞኛል፤ እንደዚህ ግልጽ ትእዛዝ ግን አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ከደመላሽ ጋር

ደመላሽ ሲገባ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፊቱ ፈገግ ብሏል። ክፉ ሰው ክፉ ፊት ቢኖረው ሥራዬ ይቀል ነበር።

«አያ ጥጋቡ፣ እንዲህ ነው እንግዳ? ቢያንስ ውኃ እንድናቀርብ ትነግረናለህ።»

«እትዬ ዘውዴን ለምን አሰርካቸው?»

አልካደም። ወደ ቢሮው ወሰደኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ባለፈው ዓመት አንዱ ሽማግሌ ወጥቶ ሪክሻ ገጨው፤ ወገቡ ተሰበረ። ማን ተጠየቀ? እኔ። እሷ ደግሞ ቀን ከሌት በር በር ትላለች። አንድ እኔ፣ አንድ ሐዋ፣ አሥራ አንድ ሰው። ምን ላድርግ? የታሰረ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።»

«በሬም ጠፍቶ አያውቅም።»

«ቀልዱን ለነገ አቆየው፣ ነገ ፍየል አለ» አለና ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወጣ። ገለጠና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ቅሬታ፣ የለም። ይኼ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ይኼስ?»

«እሱም የእኔ።»

«እንግዲያስ» አለ። ፋይሉን ዘግቼ መለስኩለት። ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ገበያ

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሐጂ ኑሩ ገበያው ውስጥ ሳሙናና ቅመም ይሸጣሉ፤ በወጣትነታቸው ግን እንደኔ የሰሊጥ ሰው ነበሩ። ያየሁትን ሁሉ ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሳልጨምር ስናገር ስለማያውቁኝ ደነገጡ።

«እኛ እኮ ዝም አላልንም» አሉ። «ቤቱን የሚያይልን አካል ፈልገን ሦስት ቢሮ ሄድን። አንዱ የውጭ ዜጎች ናቸውና አይመለከተኝም አለ። ሁለተኛው ካምፕ ውስጥ አይደሉምና አይመለከተኝም አለ። ሦስተኛው ሕሙማን አይደሉም፣ ያረጁ ናቸው አለ። ምን ቀረን? የአንተ ወረቀት ቀረን። በወረቀትህ እንተኛ ነበር።»

«አሁን ይነሡና እንሂድ።»

«ነገ ተብሏል እኮ ጥጋቡ። በምሳ ሰዓት፣ ሳይነግሩ ሰው ቤት ዘው ማለት ነውር ነው። ምን ይሉናል?»

«የማን ቤት ነው ሐጂ?»

ስኳር መመዘን ቀጠሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሰሊጥ ሲያስፈትሹ የትኛውን ጆንያ እንደምወጋ ለባለ ጆንያው አስቀድሜ ብነግረው ምን ያደርጉኝ ነበር?»

ሚዛኑን አስቀመጡ። «በዚያ ብረትህ እወጋህ ነበር» አሉና ቆባቸውን አደረጉ። የቀትር ሶላታቸውን ሰግደው፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ በአንድ ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ተጣበን ሄድን።

በሩ እንደገና በውጭ ተቆልፏል። ደመላሽም ሐዋም የሉም። ሐጂ ወደ ቆርቆሮው ጠጋ ብለው፣ «ደህና ናችሁ?» ብለው ጮኹ።

«ተመስገን» አሉ ከውስጥ።

ሐጂ ዞር ብለው፣ «ሰማህ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ዕረፍት አየሁ፤ ለስንት ጊዜ እኔም ያረፍኩት ዕረፍት ነው።

«ጥላ ላይ መሆናቸውን ይጠይቁልኝ።»

«ጥላ ላይ ናችሁ ወይ?» አሉ ሐጂ።

ከዚያ የአቦይ ሐጎስ ድምፅ፣ «ጥላው ወደ ማዶ ሄዷል» አለ።

«እናንተስ?»

«እኛማ እዚሁ ነን።»

ሐጂ ቆርቆሮውን ዳሰሱት፤ እጃቸውን ቶሎ አነሡ። ከእሳት ምድጃ አይለይም። ቁልፉን የሚሰብር ብረት ልፈልግ ስል ደመላሽ በሪክሻ መጣ። ለነገ የገዛትን ፍየል በገመድ ይዟታል። ገመዱን አየሁ፤ አንድ ቀልድ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። በሕይወቴ ከቀልድ የጾምኩበት የመጀመሪያው ጊዜ እሱ ነው።

«ክፈተው» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ነገ ነው እኮ ያልነው፣ ገና አላዘጋጀሁም።»

«ለዚያ ነው የመጣነው።»

ከፈተው። ሐጂ አሥሩን አንድ በአንድ አዩ። ማንንም እንዴት ነዎት አላሉም። እኔና ሪክሻ ነጂው ደግፈን ወደ ምሥራቁ ጥላ ወሰድናቸው። አንዱ ሽማግሌ እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ፤ እዚህ ላይ አላጋነንኩም።

እትዬ ዘውዴ ሐጂን ሲያዩ እንደገና ቀሚሳቸውን ሳቡ። ሐጂ መሬት ቁጭ አሉ። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሰንጢ አውጥተው ቅዳጁን ሊቆርጡ ሲሉ፣ «አይቁረጡት» አሏቸው እትዬ። «ነጠላዬ ነው። ይፍቱት።»

ሐጂ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጣታቸው እንደ ልብ አይታጠፍም። ቋጠሮው ብዙ ፈጀ። ልርዳዎ ብል በክርናቸው ገፉኝ። ሲፈታ ቅዳጁን አጥፈው እትዬ እጅ ላይ አስቀመጡና፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉን» አሉ። እትዬም እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አሉና እግራቸውን ማሸት ጀመሩ።

ሐጂ ወደ ደመላሽ እጃቸውን ዘረጉ። የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጣቸው። ምርኩዞቹ አንድ የሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ታጭቀዋል። ጆንያውን እኔ ዘረገፍኩት። እያንዳንዱ የራሱን ከሩቅ ያውቃል፤ ዓይናቸው የማያይ አንዲት እናት በመዳፋቸው ዳብሰው አወቁ። አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ምርኩዙ አሥራ ሦስት ሆነ። ሁለቱ መሬት ላይ ቀሩ። አቦይ ሐጎስ አዩአቸውና የሁለት ሰው ስም ጠሩ፤ ባለፈው ክረምት የተቀበሩ ሰዎች ናቸው።

እትዬ ዘውዴ የወይራ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ቆሙ፣ ከዚያ ሌላ። ደመላሽ ልማድ ሆኖበት፣ «ወዴት ነው?» አለ።

«ጥላው ወደ ሄደበት» አሉት ሳያዩት። ዛፏን ዞረው፣ አቦይ ሐጎስ አጠገብ ሲደርሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አላለፉም።

ሐሙስ

ኮሚቴው እዚያው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። በማግስቱ ሁሉም ነገር ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አንዱ ነጋዴ ደመላሽ ባይኖር ማን ያጥባቸዋል አለ። ሌላው ነገሩ በእኛው መሀል ይለቅ፣ በሰው አገር ገመናችንን አናውጣ አለ። ሐጂ ሁለቱንም ሰሙና ተነሥተው ራሳቸው ፖሊስ ዘንድ ሄደው አስመዘገቡ። ደመላሽ ቁልፎቹን አስረክቦ ወጣ፤ ሲወጣ ማንንም አልተሰናበተም፣ ማንም አልሰደበውም። ሐዋ ኃላፊ ሆነች፤ ሁለት ሴቶች ይጨመሩላት ተባለ። በሩ ቀን ቀን ክፍት ይሁን፣ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ ተባለ። የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በፈለገው ቀን፣ ሳይናገር እንዲገባ ተወሰነ። ይኼ ውሳኔ ብዙ አከራከረ፤ ነውር ነው የሚለው ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰማ።

ፍየሏ ታረደች። ሐዋ ለአሥራ አንዱም በየሳህናቸው አቀረበች። እኔ ሳህን ይዤ ብጠጋ፣ «ለተቆጣጣሪ ኸላስ፣ አይሰጥም» አለችኝና መረቅ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ቆሜ ጠጣሁት።

ስሰናበት እትዬ ዘውዴ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ በሚገባበት ቦታ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሪክሻ ያልፋል፣ አህያ ያልፋል፣ እሳቸው ያያሉ። ቁስላቸው ላይ ሐዋ ቅባት አድርጋላቸዋለች።

«ስመጣ ከከሰላ ምን ላምጣልዎ?» አልኳቸው።

«ምንም። ብቻ ሳትነግረኝ ና።»

ዓርብ፣ ወደ ቤት

ስመለስ ቂርባ ላይ አልወረድኩም። ከሰላ ስገባ ወሬው በስልክ ቀድሞኛል። ገበያ ውስጥ ወዳጆቼ ከበቡኝ። «ጥጋቡ እኮ ከመንገድ ላይ አሽትቶ ነው ያወቀው» ይላል አንዱ። «አንድ ቀን አስቀድሞ በዘዴ ደረሰባቸው» ይላል ሌላው። ሻይ ጋበዙኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠጣሁ፤ አላስተባበልኩም።

ጉዞው ያስተማረኝን ለኮሚቴው ጽፌ ልኬያለሁ። ለጉብኝት ቀን አትቁረጡ፣ እንዴት ነዎት ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፣ እዚያ ቤት ምሳ አትብሉ ብያለሁ። ያልጻፍኩላቸውን በሦስተኛው ቀን ለከበቡሽ ነገርኳት፤ አሁን ደግሞ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።

የምርኩዙን ነገር ያወቅሁት ረቡዕ ዕለት አይደለም። ባለፈው ጉብኝት፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው በተርታ ተቀምጠው ሳለ፣ እትዬ ዘውዴ እጄን ይዘው፣ «ጥጌ፣ አንተ ስትወጣ ምርኩዜን ይቀሙኛል» ብለውኝ ነበር። እኔም፣ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ማንን ሊደበድቡበት ነው?» አልኳቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ደመላሽ እንባውን ጠረገ። ሳቁ ስላሞቀኝ ቀልዱን ደገምኩት። ከዚያ ሥጋ አስጨመርኩ፤ በልቼም ስጨርስ ቅሬታ የለም ብዬ ፈረምኩ።